መርቆሬዎስ ያልነው ፈረሰኛ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለምናሉ፣

እንደምን ከርመሃል? ሰውነትህስ ተመለሰልህ? ያ የወባ ርዝራዥ ማታ ማታ ብርድ ብርድ ማሰኘቱን ተወህ ወይስ አሁንም ያንቀጠቅጥሃል? እህልስ ይወስድልሃል? እማዬ ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? የአሰላ የኅዳር ብርድ ምን እንደሆነ አውቃለሁና ጋቢዋን ሳትደርብ ደጅ እንዳትቀመጥ ተቆጣት፤ እሺ የምትለው ያንተን ቁጣ ብቻ ነው። ኮከብስ እንዴት ናት? ሆዷ ገፋ? እንቅልፍ ይወስዳታል? እኛ ቤት ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው። ባለቤቴ ሀብተሚካኤል ያው መኪናውን ይነዳል፣ ሩቲ በቁመት በልጣኛለች፣ እኔም ኤርፖርት ዊልቸር ስገፋ ውዬ እገባለሁ። ብቻ ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ክው እንዳልኩ ነኝ። ሥራ ቦታ አንዷን አሮጊት ገፍቼ ገፍቼ ከማይሳፈሩበት በር አድርሻቸው ተቆጡኝ።

ይህን ወሬ በስልክ ያልነገርኩህ ወድጄ አይደለም። እማዬ ስልኩን ሁልጊዜ ድምፁን ለቃ ነው የምታስቀምጠው፤ እኔና አንተ ስናወራም አጠገብህ ተቀምጣ እያንዳንዷን ቃል ትለቅማለች። ይህን ደግሞ ገና እንድትሰማው አልፈልግም። ስለዚህ ከሀብተሚካኤል ጋር የሚሠራው ያ የአሰላ ልጅ፣ እንዳልክ፣ ለገና ሲመጣ በእጅህ እንዲሰጥህ ጽፌዋለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው። ቆመህ አታንብበው፣ ቁጭ በል።

ያን እማዬ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን፣ አንተም ደረት ኪስህ ውስጥ ይዘኸው የዞርከውን ፎቶ ታውቀዋለህ። ጥቁር ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ከኮቴው ሥር የወደቀ ጠላት፣ ከኋላ ክንፍ ያላቸው ፈረሰኞች። ቅዱስ መርቆሬዎስ ነው ብዬ አንሥቼ የላክሁላችሁ እኔ ነኝ። ምናሉ፣ ሰውየው መርቆሬዎስ አይደለም። ቅዱስም አይደለም። የፖላንድ ንጉሥ ነው።

እስቲ እንደገና አንብበው። እኔም አንዴ ሲነገረኝ አልገባኝም ነበር።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። የመርቆሬዎስ ጽዋ ማኅበራችን በየቤቱ መዞሩ ሲከብደን፣ ጎረቤትም በመኪና ማቆሚያ ሲጨቃጨቀን፣ ኢስት ኮልፋክስ ላይ አንድ አዳራሽ በወር አንዴ መከራየት ጀመርን። የድሮ የፖላንድ ስደተኞች ማኅበር አዳራሽ ነው፤ አባላቱ አብዛኞቹ አልፈዋል፣ የቀሩትም በዓመት ሁለት ሦስቴ ቢሰበሰቡ ነው። ቁልፉን ተቀብለን መጀመሪያ የገባን ቀን የማኅበራችን ሙሴ፣ መሪያችን ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ከበሩ ሳይርቁ ቀጥ ብለው ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፊት ለፊት ግድግዳውን ግማሽ የያዘ ሥዕል አለ። «ወዳጄ መርቆሬዎስ ቀድሞን ገብቶ ይጠብቀናል!» አሉና እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ሴቶቹ እልል አልን። ከዚያ ወዲያ ማን አይደለም ይበል?

መጠራጠርማ ትንሽ ተጠራጥረን ነበር። ሰውየው ቦርጫም ነው፤ ሪዙ ከንፈሩን ደፍኖታል፤ የያዘውም ጦር ሳይሆን ጎራዴ ነው። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ግን ፈረንጅ ሲሥል የራሱን አጎት አስመስሎ ነው የሚሥለው ብለው ዘጉት። ደግሞ ክንፍ ያለው ፈረሰኛ መልአክ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ከሥሩ የነሐስ ሰሌዳ ላይ ጽሑፍ ነበረበት፤ በእነሱ ቋንቋ ስለሆነ የሰዓሊው ስም ይሆናል ብለን አለፍነው። ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ማኅበር በጠጣን ቁጥር መጋረጃ እንሰቅልለታለን፣ ገልጠን እንሳለማለን፣ ስንወጣ መጋረጃውን አጥፈን ቁም ሣጥን ውስጥ እንከታለን። ሁላችንም ኪሳችን ውስጥ ስልክ አለ። አንዳችን እንኳ አውጥተን አላየንም!

አንተ የጠፋህ ጊዜ እኔ የሄድኩት ወደዚያ ሥዕል ነው። ከጦር ክፍልህ የተረፈ የለም የሚል ወሬ አሰላ ደርሶ እማዬ ድምፅዋ የተዘጋ ጊዜ፣ ቁልፉን ከጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ተቀብዬ ብቻዬን ገባሁና ተንበረከክሁ። አንተ ራስህ ወታደር ነበርክ፣ ወታደር ወንድሜን በሕይወት መልስልኝ፣ የወርቅ ዘርፍ ያለው የከፋይ መጋረጃ አገባልሃለሁ ብዬ ተሳልሁ። ወራት አልፎ ተስፋ ስንቆርጥ በሰው ስልክ ደወልክ። ወባ ይዞህ ከኋላ ክሊኒክ ተኝተህ ሳለ ምሽጉ እንደተሰበረ፣ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ተበታትነህ እንደተረፍክ ነገርከን። እኔ ወባውን አልሰማሁትም። የሰማሁት መርቆሬዎስን ነው።

ቅዳሜ እንግዲህ የኅዳሩን ዓመታዊ በዓል ስናከብር መጋረጃውን አገባሁ። ቀይ ከፋይ ነው፣ አውሮራ ያለ ልብስ ሰፊ ሰፍቶልኝ ሀብተሚካኤል መሰላል ላይ ወጥቶ ሰቀለው። ቆሜ ምስክርነት ሰጠሁ። ስለ አንተ ከመጥፋትህ እስከ መመለስህ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። ሄራን የምትባል ማኅበርተኛችን፣ የድምፅዋ ነገር አይነሣ፣ እልልታዋን ስታቀልጠው በሩ ተከፈተና የአዳራሹ ኃላፊ ወይዘሮ ያድቪጋ ገቡ። ማሞቂያው ተበላሽቶ ስለነበር ጠጋኝ ይዘው ነው የመጡት። ሰማንያ የሚጠጋቸው፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ቀልድ የማያውቁ ሴት ናቸው። እኛ በነጠላ ተሸፋፍነን ወለሉ ላይ ተደፍተናል፤ የእሳቸው ሥዕል በቀይ መጋረጃ መሐል ጡዋፍ በርቶለት ቆሟል።

አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ምን እያደረጋችሁ ነው ብለው ጠየቁ። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ በክብር ተነሥተው ቅዱሳችንን እያከበርን ነው፣ መርቆሬዎስን፣ እናንተም ስላስቀመጣችሁልን እናመሰግናለን አሏቸው። ወይዘሮ ያድቪጋ ወንበር ስበው ተቀመጡና መሳቅ ጀመሩ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ቀጥሎ የእኛን ፊት ሲያዩ ሳቃቸው ቆመ። ይሄ የኛ ንጉሥ ሶቢየስኪ ነው አሉ፤ በእኛ አጠራር ዮሐንስ ሣልሳዊ መሆኑ ነው። ከሞተ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ታላቅ ሰው ነበር፣ ግን ማንም ጸልዮለት፣ ማንም ተሳልሞት አያውቅም፣ የገዛ ልጆቹ እንኳን አሉ።

አንተ ብታየን ትስቅ ነበር፣ እኔ ግን ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንዷ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ባርኔጣቸውን ያደርጉታል፣ መልሰው ያወልቁታል። ሩቲ ከኋላዬ «ማሚ፣ ሂ ኢዝ ኖት ኢቨን ኤ ሴይንት!» አለች፤ ዝም በይ ብዬ ክርኔን አቀመስኳት። ሄራን ደግሞ በዚህ መሐል ለመሆኑ ይጾም ነበር ወይ ብላ አስጠየቀች። ወይዘሮ ያድቪጋ በመጨረሻ ዘመኑ ከውፍረቱ የተነሣ ፈረስ ላይ ሰው ደግፎ ነበር የሚያወጣው ሲሉ፣ ሄራን እንግዲያውስ በቃ ብላ ተቀመጠች። ክንፎቹስ ብለን ያዝናቸው። ከእንጨትና ከንስር ላባ የተሠሩ ናቸው አሉ፤ ፈረሰኞቹ ከጀርባቸው ያስሩት የነበረ ጌጥ። እኔ ለላባ ነው የሰገድኩት።

ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ከኮቴው ሥር ያለውን ሰው ያየሁት። እስከዚያ ድረስ መርቆሬዎስ የገደለው ከሀዲው ንጉሥ ዑልያኖስ ነው ብለን ደግ አደረገው እንል ነበር። ጥምጥሙ የተፈታ ቱርክ ወታደር ነው። ልጅ እግር ነው ምናሉ፣ ጢም እንኳ በቅጡ አላወጣም። የጎረቤታችንን የሐጂ ከድርን ልጅ ይመስላል። ሦስት ዓመት ሙሉ በእሱ ራስ ላይ እልል ስንል ኖረናል።

የማሞቂያው ጥገና ሲያልቅ ጠጋኙ ትቷቸው ስለሄደ ወይዘሮ ያድቪጋን ሊትልተን ቤታቸው ድረስ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ሩቲ ከኋላ ተቀምጣለች። መንገዱን ሙሉ የንጉሡን ታሪክ አወሩኝ፤ ሩቲም በስልኳ እያየች ልክ ናቸው ማሚ፣ ልክ ናቸው ትለኛለች። እኔ ከማን ጋር ተዋውዬ እንደነበር ልወቅ ብዬ አፌን ዘግቼ ሰማሁ። በየማቆሚያ መብራቱ ግን አፌ ይከፈት ነበር።

ሲወለድ ጀምሮ ጦር ነው። አያቱን የወለዱት ሰውዬ የጦር አዛዥ ሆነው ከቱርክ ሲዋጉ ወድቀው ራሳቸው ተቆርጦ ለሱልጣኑ ተልኳል። የእናቱን ወንድም ታታሮች ገድለውታል። እናቱ ልጆቿን ወደ ሽማግሌው መቃብር እየወሰደች በቀሉን አደራ እያለች ነው ያሳደገቻቸው። የኛ እማዬ አባባ መቃብር ስትወስደን ምን ትለን ነበር? ተሳለሙና ቶሎ ውጡ፣ ብርድ ይመታችኋል ነበር የምትለን። እናት ለልጇ ጦርነትን እንደ ውርስ ስትሰጥ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ደነገጥኩ።

ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ታላቁ ማሬክ፣ ታናሹ ይሄ ያንተ ፎቶ ሰውዬ። ኮሳኮች የሚባሉት የዩክሬን ተዋጊዎች ሲያምፁ ሁለቱም በልጅነታቸው ዘመቱ። ይሄኛው አንዴ ራሱን ቆስሎ ተርፏል። ከዚያ ባቲህ በሚባል ቦታ የፖላንድ ጦር ተከቦ ተሰበረ። ማሬክ ተማረከ። ምርኮኞቹን እጃቸውን አስረው ባንድ ላይ ፈጇቸው፤ ማሬክም ከእነሱ ጋር ተቀላ። ታናሽየውስ የት ነበር ብዬ ጠየቅሁ። ታሞ ተኝቶ ነበር አሉኝ። ከጦሩ ጋር አልነበረም። ምናሉ፣ ይህን ስሰማ የምወጣበትን መንገድ አልፌው ሄድኩ። ሩቲ እየጮኸች ነው የመለሰችኝ። የፖላንድን ንጉሥ ያተረፈው አልጋ ላይ መዋሉ ነው! አንተስ? አንተን ያተረፈህ ምንድን ነው? እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና ያን ሁሉ ከፋይ ለወባ ትንኝ ነው የሰቀልኩት እንዴ አልኩ።

የቀረው ታሪኩም ከዚህ ወዲያ እያስደነገጠኝ ሄደ። ስዊድኖች አገሩን ሲወርሩ የገዛ ንጉሡን ትቶ ለስዊድን ንጉሥ አደረ፤ ወራት ቆይቶ ደግሞ ተመልሶ ያንኑ ስዊድን ወጋ። ይወዳት የነበረችን የሰው ሚስት ባሏ ከሞተ ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላ፣ ማቋ ገና ከላይዋ ሳይወርድ በድብቅ አገባት። እኔ ጆሮዬን ይዤ ይሄን ሰው ነው የምትሰቅሉት ስል፣ ወይዘሮ ያድቪጋ ቆጣ ብለው ዕድሜ ልኩን እንደወደዳት፣ ከየጦር ሜዳው የፍቅር ደብዳቤ ይጽፍላት እንደነበር ነገሩኝ። የሚጽፈው ባል ይሻላል ከማይጽፈው፣ በዚህስ አልፈርድም።

ጀግና አይደለም አልልህም፤ ነው። ሆቲን በሚባል ቦታ በበረዶ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ወታደሩን አስቁሞ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ብርድ ያደነዘዛቸውን ቱርኮች ሰብሯል። በዋዜማው የአገሩ ንጉሥ ሞቶ ነበርና በዚያ ድል ዝና እሱ ተመርጦ ነገሠ። ከዓመታት በኋላ ቱርኮች ቪየናን ከበው ከተማዋ ልትወድቅ ስትል ከጓደኛ ነገሥታት ጋር ሆኖ ደረሰላት። እነዚያን ላባ ያሰሩ ፈረሰኞቹን ከተራራ ቁልቁል ለቆ በአንድ ቀን ከበባውን ፈታ። ሥዕሉ ያን ቀን ነው። ማታውኑ በሸሸው አዛዥ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ለሚስቱ ደብዳቤ ጻፈላት። ደግሞ ሌላ ጉድ ስማ፤ ከእሱ ወገን የሚዋጉ እስላም ታታሮች ነበሩ፣ በስሕተት እንዳይመቱም የእሱ ሰዎች ራሳቸው ላይ ገለባ ይሰኩ ነበር ይባላል። እኛ አረማዊና ክርስቲያን ብለን የለየነው ሥዕል ውስጡ እንዲህ የተዘበራረቀ ነው።

ከቪየና በኋላስ አልኳቸው። አገሩ ገብቶ አረፈ ይሉኛል ብዬ ነበር። አላረፈም። ሌላ ዘመቻ፣ እንደገና ሌላ ዘመቻ፣ ሁለቴ ሞልዳቪያ ወርዶ ሁለቴም ባዶ እጁን ተመለሰ። አንዴ በተአምር ካልሆነ የማይገኝ ድል አግኝቶ ሁልጊዜም የሚያገኘው መሰለው። ይህን ሲነግሩኝ አንተ ባለፈው በስልክ ምን እንዳልከኝ ትዝ አለኝ። ፎቶው እስካለ ድረስ ምን እሆናለሁ እትዬ፣ ጥምቀትን ውዬ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ፣ ማንም አላስገደደኝም፣ ወድጄ ነው ብለኸኛል። እኔም ያኔ እንደ ሞኝ እመርቅህ ነበር።

ሲሞት ልጆቹ በሀብቱ ተጣሉ። ይህንን ሩቲ ደጋግማ ነው ያነበበችልኝ፣ ስላላመንኳት። ታላቁ ልጅ ቀድሞ ዋርሶ ቤተ መንግሥት ገብቶ በሩን ዘጋ አሉ። እናቱ የአባቱን አስከሬን ይዛ ደጅ ቆማለች፤ አልከፍትም አለ። አስከሬን ይዘው ለቆሙ ሰዎች በር ሲዘጋ አይተህ ታውቃለህ? እኛ ጋ ደመኛ እንኳን አስከሬን ሲያልፍ ከመንገድ ዞር ይላል። ቪየናን ያዳነ ሰው የራሱን ቤት በር ማለፍ አቃተው። ከነገሥታቱ መቃብር የገባውም ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ሊትልተን ደርሰን መኪናውን ሳቆም ወይዘሮ ያድቪጋ ወዲያው አልወረዱም። አዳራሹ ውስጥ ለምን እንደዚያ ታለቅሺ ነበር አሉኝ። ስለ አንተ ነገርኳቸው። ተመለሰ ወይ አሉኝ፤ ተመልሷል አልኩ። እሰይ ብለው እጄን ያዙኝ። በጥር ደግሞ ይሄዳል ብዬ ጨመርኩ። ለምን አሉኝ። ሩቲ ከኋላ፣ እሳቸው ከጎኔ፣ ሁለቱም መልሴን ይጠብቃሉ። ሥዕሉ ስላለው ነው ብዬ እንዴት ልናገር?

እሑድ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ደወሉ፤ ሌሊቱን አልተኙም። መጀመሪያ ምናልባት ንጉሡም ጻድቅ ይሆናል፣ ለመስቀል ነው የተዋጋው እያሉ ሲሟገቱኝ ቆዩ፤ የመበለቷን ነገር ስነግራቸው ሙግቱን ተዉት። የነፍስ አባታችን ያሉት ሌላ ስቴት ስለሆነ በስልክ ጠየቅናቸው። እሳቸውም አልተቆጡንም። ልባችሁ የጠራው መርቆሬዎስን ነው፣ የሰማችሁም እሱ ነው፣ መጋረጃውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ውሰዱት፣ ያን ሥዕል ግን ከእንግዲህ እንዳትሳለሙት አሉን። ለሁላችንም ቀለለን። እኔም ለአንተ እንዲሁ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ሥዕሉ ሌላ ነው፣ ስለቱ ግን ደርሷል፣ አይዞህ ብዬ ልዘጋው። አንተም ታዲያ መርቆሬዎስ ካለ ምን ቸገረኝ ብለህ ጓዝህን ትሸክፍ ነበር።

ከዚያ ግን ለእማዬ ደወልኩ። ፎቶውን ቀስ ብላ ከግድግዳው እንድታወርደው በዘዴ ላግባባት ብዬ ነው። ገና ፎቶ የሚል ቃል ከአፌ ሲወጣ እሷ ቀደመችኝ። ምናሉ ፎቶውን ብዙ አሳትሞ፣ ላስቲክ አስለብሶ፣ አንድ እሽግ አዘጋጅቷል፣ ለአዳዲሶቹ ልጆች ሊያድል ነው አለችኝ። እየተደሰተች ነው የምትነግረኝ። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና የአብሮ አደጉ የአባይነህ እናት ግን አንዱን ስሰጣት አልቀበልም አለች፣ እሷ ዘንድ የአባይነህ አለ አለች።

የአባይነህ ምን አልኩ። እናንተ ሁለታችሁ አንድ ቀን ስትዘምቱ እማዬ ያሳተመችው ሁለት ፎቶ ኖሯል፤ አንዱን ላንተ አንዱን ለእሱ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ለእኔ የነገራችሁኝ አባይነህ መሞቱን ብቻ ነው። አስከሬኑ ሲነሣ ፎቶው ከደረት ኪሱ ተገኝቶ ከሰዓቱ ጋር ለእናቱ ተሰጣት አለችኝ። አንድ ሥዕል፣ አንድ እምነት፣ አንድ ምሽግ። እሱ ጤነኛ ነበር፣ አንተ ትኩሳት ነበረብህ። ስልኩን እንደያዝኩ ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እማዬ ሃሎ ሃሎ ትላለች። ያን ፎቶ ያነሣሁት በዚህ እጄ ነው፤ ጥሩ ብርሃን እንዲያገኝ ብዬ ጎንበስ ቀና ብዬ፣ ሁለት ሦስቴ ደጋግሜ ነው ያነሣሁት።

ምናሉስ ምን ይላል ብዬ እማዬን ጠየቅኋት። አባይነህ ሳይጸልይበት ይዞት ነው የሚል መልስ እንደሰጠሃት ነገረችኝ። ምናሉ! አብሮህ ያደገ፣ የታመምክ ጊዜ እስከ ክሊኒኩ ያዘለህ ልጅ፣ ያንተን ፎቶ እውነት ለማድረግ ብለህ እምነቱን ትነካበታለህ? ይህን አንተ አልተናገርከውም፣ ፍርሃትህ ነው የተናገረው ብዬ ለራሴ አልኩ። ምክንያቱም እማዬ አንድ ነገር ጨምራ ነግራኛለች። ከመጣህ ጀምሮ አባይነህ ቤት አልገባህም፤ ለቅሶ አልደረስክም፤ በእነሱ በር ላለማለፍ ሱቅ ስትሄድ በወንዙ በኩል ዞረህ ነው የምትሄደው።

ወንድሜ፣ የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ አትሂድ። ያስገደደህ የለም፣ በሕመምህ ምክንያት መቅረት እንደምትችል አንተው ራስህ ነግረኸኛል። ኮከብ በየካቲት ትወልዳለች። ልጁ አባቱን በፎቶ እንዲያውቅ አልፈልግም። ያንን እሽግ ለአንድም ሰው እንዳትሰጥ፤ ለማንም እናት ልጅ። እኔ ያነሣሁት ፎቶ ነውና ይህን የማዘዝ መብት አለኝ። ለእማዬ እኔው ራሴ ስመጣ ፊት ለፊት እነግራታለሁ፤ እስከዚያ ግድግዳዋ ላይ ይቆይ፣ እሷ አትዘምትም።

በል እንግዲህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እማዬን ጉልበቷን ስመህ ውባየሁ ደህና ናት በላት። ኮከብን ከነሆዷ እቀፍልኝ፤ በእንዳልክ እጅ በላክሁት ሻንጣ ውስጥ የሕፃን ልብስና ለእግሯ የሚሆን ሰፊ ጫማ አለ፤ ለራስህ ደግሞ ሹራብ። ለሐጂ ከድር ቤተሰብ በሙሉ ሰላም በልልኝ፤ ልጃቸውንም ትከሻውን መታ መታ አድርገህ የአሜሪካዋ እትዬ ናፍቃሃለች በለው። ሀብተሚካኤል ሰላም ብሎሃል። ሩቲም እኔም ካልጻፍኩ ብላ እዚህ ጋ በራሷ እጅ «ጋሼ ምናሉ፣ ፕሊስ አትሂድ» ብላለች፤ አማርኛው የራሷ ነው፣ አላገዝኳትም።

ለአባይነህ እናት ለእማማ አልጣሽ ግን ሰላምታዬን በሌላ ሰው አልልክም። አንተ ራስህ ታደርስልኛለህ። በወንዙ በኩል አትዙር፣ በፊት ለፊቱ መንገድ ሂድ። ግባና ከእግራቸው ሥር ተቀመጥ። ከእሽጉ አንዱን ፎቶ አውጣና ይህን የያዘ ሰው አይሞትም፣ እማማ፣ ብለህ ዓይናቸውን እያየህ ንገራቸው። ይህን ከአፍህ ማውጣት ከቻልክ ሂድ፤ እኔም ከዚያ በኋላ አልከለክልህም።

እህትህ ውባየሁ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.